ያገለገለ የኳድ ሾክ ስትገዙ ከዘይቱ በፊት ልኩን እዩ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ከአንድ ፒክአፕ ኋላ ቆሜ ሁለት የኳድ ሾክ አገላብጣለሁ። ኳድ ማለት እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ማሽን ነው። ሞላቸው ቀይ ነው። አካላቸው ወርቃማ። ሻጩ አጥቦ፣ ወልውሎ ነው ያመጣቸው። በጣቴ ዘንጉን ስዳብስ ዘይት የሚባል ነገር የለም። «ለራፕተር ነው፣ ልክክ ይላል» አለኝ። ራፕተር ያማሃ የሚሰራው ኳድ ነው። ደስ ብሎኝ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ ልገጥመው ስል ጉዱ ወጣ። ሾኩ ለኔ ኳድ በጣም ይረዝማል። ላይኛውን ቡሎን ካስገባሁ የሾኩ ታችኛው ጫፍ ቀዳዳውን አልፎ ይሄዳል። ሻጩ አልዋሸኝም ነበር። ሾኩ በእርግጥም የራፕተር ነው። ግን ክንዶቹ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብረቶች፣ ተቀይረው ለሰፋ ራፕተር የተሰራ ነው። ንጹህ፣ ደህና፣ ዘይት የማያፈስ ዕቃ ገዝቼ ለኔ ምንም የማይረባኝ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገለገለ ሾክ የማይበትን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዘይት ያፈሳል አያፈስም የሚለውን ነው። እኔ ግን ዘይቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ምክንያቱን ለማስረዳት ሾክ ምን እንደሚሰራ ከስሩ እንጀምር።

አገር ቤት ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ። መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላም ሦስት አራቴ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል። ያ መኪና ሞላው ወይም ባሌስትራው ደህና ሊሆን ይችላል። የሞተው መካኒኮቻችን አሞርዛተር የሚሉት ነው፣ ማለትም ሾኩ። ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም። የተጨመቀውን ያህል መልሶ ይወረውራል። ሾክ ደግሞ ያንን ጉልበት ይበላል። ውስጡ ዘይት የሞላው ቱቦ አለ። በዘይቱ ውስጥ ዘንግ ላይ የታሰረ ፒስተን ይመላለሳል። ፒስተኑ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀዳዳዎቹን ስስ የብረት ዝርግ ቀለበቶች ይሸፍኗቸዋል። ዘይቱ እነዚያን ገፍቶ ሲያልፍ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ለዚህ ነው አሸዋ ላይ ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ሾኩ የሚያቃጥለው።

ኳድ ላይ ይህ ነገር የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኳድ ጣሪያ የለውም፣ ቀበቶ የለውም። የኋላው ሾክ ተጨምቆ በአንዴ ከተስፈነጠረ መቀመጫው ከስር ይመታችኋል፣ ሰውም በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ላይ መጠንቀቅ የራስን ነፍስ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ገበያው። ኳዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ሾክ ለመካከለኛ ሰውና ለመካከለኛ አነዳድ የተሰራ ነው። ሌሎች ድርጅቶች ለብቻ እያመረቱ የሚሸጡት፣ አፍተርማርኬት የሚባለው፣ የተሻለ ሞላ፣ ብዙ ዘይትና ብዙ ማስተካከያ አለው። ከካናዳ ኤልካ፣ ከአሜሪካ ፎክስ፣ ከስዊድን ኦሊንስ ስማቸው የታወቀ ነው። ችግሩ ዋጋቸው ነው። የፊት ጥንድ ብቻ አዲሱ ከ1000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሰው ወደ ያገለገለ ይሄዳል። ትክክል ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። የሾክ ጥሩ ነገሩ ተፈትቶ እንደገና መታደስ መቻሉ ነው። ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚይዘው ፓራዮሊ ይቀየራል። ዘይቱ ይቀየራል። ውስጡ ታምቆ ያለው ጋዝ ይሞላል። ሞላውም ይቀየራል። የማይቀየረው ርዝመቱ ነው። የተጎዳ ዘንግና የተሰነጠቀ አካል ደግሞ ቢቀየርም ዋጋው አያዋጣም። እንግዲህ አስቡት፤ ሁሉም ሰው የሚፈራው የዘይት መፍሰስ በቀላሉ ከሚጠገኑት ነገሮች አንዱ ነው። ማንም የማይለካው ርዝመት ግን የማይጠገን ነው።

ርዝመት ስንል ምን ማለታችን ነው? ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከላይኛው የቡሎን ቀዳዳ መሀል እስከ ታችኛው የቡሎን ቀዳዳ መሀል ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ልክ ዘንጉ ስንት ኢንች ይገባል የሚለው ነው። ሁለቱም እኩል አስፈላጊ ናቸው። ምክንያቱም ሾክ ንዝረት ከማርገብ በተጨማሪ ዘበኛ ነው። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል «እዚህ ጋ ቁም» የሚለው ሾኩ ነው። ወደ ላይ ሲገፋም «በቃ» የሚለው እሱ ነው። ሾኩ ከልኩ ከረዘመ ክንዶቹ ከሚገባው በላይ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ያኔ ቦል ጆይንቱ፣ ማለትም ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ተሽከርካሪ መጋጠሚያ፣ የመጨረሻ ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ይነክሳል። ዘንጉ ከሚገባው በላይ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሾኩ «በቃ» ሳይል ክንዱ ሻንሲውን ይመታል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይፈጫል። ቦል ጆይንት በፍጥነት ላይ እያለ ቢሰበር ጎማው ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትም።

እኔን ያሳተኝ የክንዶቹ ነገር ነበር። ብዙ ሰው፣ በተለይ የሚወዳደር ሰው፣ የፊት ክንዶቹን አውጥቶ በሰፊ ይቀይራል። በየጎኑ 2 ኢንች የሚያሰፋ፣ 1 ኢንች ወደ ፊት የሚገፋ ክንድ የተለመደ ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ጎማው የበለጠ እንዲወጣና እንዲወርድ የሚያደርጉ፣ ሎንግ ትራቭል የሚባሉት አሉ። በነዚህ ላይ የሾኩ ማሰሪያ ቦታ የተለየ ነው። ሾኩም በኢንች የሚቆጠር ርዝመት ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሾክ ከፋብሪካ በመጣው ክንድ ላይ አይገጥምም። በግድ ቢገጥምም ኳዱን አንገቱን እንደ ቀጭኔ ያስመዝዘዋል። ስለዚህ ለሻጩ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የምን ኳድ ነው?» አይደለም። «በምን ክንድ ላይ ነበር?» ነው። ካላወቀ ሜትር ዘርግቶበት ፎቶ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ሜትር ለመዘርጋት የማይፈልግ ሻጭ ጋ አልሄድም።

የስም ነገርም አለ። «ለራፕተር ይሆናል» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ያማሃ ራፕተር 350 አለ፣ 660 አለ፣ 700 አለ። 660ው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2005 የወጣ ነው፣ 700ው ከ2006 ጀምሮ። ሻንሲያቸው ይለያያል። «ዋይ ኤፍ ዜድ 450» የሚባለውም እንዲሁ ነው። በ2004 የወጣውና ከስሙ መጨረሻ «አር» ተጨምሮበት በ2009 የመጣው ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሌላ ማሽን ናቸው። አንዳንድ ሾክ ላይ ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ኦሊንስ ለምሳሌ ከቁጥሩ በፊት ሁለት ፊደል ይጽፋል፤ «ዋይ ኤ» ለያማሃ፣ «ኤች ኦ» ለሆንዳ። ቁጥሩን ይዛችሁ አምራቹ ጋ ወይም ሾክ የሚያድስ ባለሙያ ጋ ደውሉ። ለየትኛው ኳድ እንደተሰራ ብቻ ሳይሆን ፓራዮሊው ዛሬም ይገኝ እንደሆነ ይነግሯችኋል። መለዋወጫው የቀረ ሾክ በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ልኩ ልክ ነው እንበል። አሁን ዘንጉን እዩት።

ዘንጉ ያ የሚያብረቀርቀው፣ ወደ ቱቦው የሚገባው ብረት ነው። ባትሪ አብሩበትና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከዚያ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ከላይ እስከ ታች አንሸራትቱበት። ዓይን የማያየውን ጥፍር ያገኘዋል። ጥፍሩ ያለ ምንም መያዝ ከሄደ ደህና ነው። ቸክ ካለ ጭረት አለ፣ ወይም ድንጋይ ተወርውሮ የፈለፈለው ጉድጓድ አለ። ያ ጉድጓድ ትንሽ ቢመስልም ዘንጉ በገባና በወጣ ቁጥር ፓራዮሊውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዛሬ አሳድሳችሁት ከወር በኋላ መልሶ ያፈሳል። ጭረቱ ዘንጉ የማይገባበት ጫፍ ላይ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። መሀል ላይ ከሆነ ግን የአዲስ ዘንግ ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነስ፣ አለዚያ እቃውን ተዉት።

ሞላው ከወጣ በኋላ የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። ብዙዎቹ የኳድ አፍተርማርኬት የፊት ሾኮች ሞላቸው ሲዘረጋ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ማቆሚያውን አውጥቶ በእጅ ማውለቅ ይቻላል። ሞላው ተወጥሮ ከታሰረ ግን በእጅ አትታገሉት፤ ተስፈንጥሮ ጣት ይቆርጣል። ለዚህ የሚሆን መጭመቂያ መሳሪያ አለ። ሞላው ከወጣ ሾኩን መሬት ላይ አቁማችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከዳር እስከ ዳር እኩል መቃወም አለበት። መሀል ላይ ባዶ ቦታ ካገኛችሁ፣ ወይም ልክ ውሃ በጠርሙስ እንደሚናጥ «ጉልጉል» የሚል ድምጽ ከሰማችሁ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ከዚያ ልቀቁት። ጋዝ ያለው ሾክ ዘንጉን ራሱ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ገብቶ እዚያው ከቀረ ጋዙ አምልጧል። ይህ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ይሞላል። ዘንጉ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ግን ታጥፏል ማለት ነው። ሁለቱን ሾኮች ጎን ለጎን ሞክሯቸው። ጥንድ የሆኑ ዕቃዎች እንደ መንታ መመሳሰል አለባቸው።

ማስተካከያ ቁልፎቹንም አዙሩ። እያንዳንዱ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት አለበት። አንዱ ሾክ 20 ጠቅ ብሎ ሌላው 6 ላይ ከቆመ ውስጡ ዝጓል ወይም ተሰብሯል። የሞላውን መቀመጫ የሚያጠብቀው ቀለበት በጥርሱ ላይ መዞሩን እዩ። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ አሸዋ ሲገባበት እንደ ብየዳ ይያያዛል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉትን ኩሽኔታዎች ነቅንቁ፤ የሚንገጫገጩ ከሆነ ይቀየራሉ፣ ርካሽ ናቸው። ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ግን ውይይት የለም።

ወደ ሞላው እንምጣ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ስለሚያምር ነው፤ ቀለሙን አይቶ ይገዛል። የሞላ ጥንካሬ በቁጥር ነው የሚነገረው። አሜሪካ ውስጥ 250 የተባለ ሞላ አንድ ኢንች እንዲጨመቅ 250 ፓውንድ፣ ማለትም 113 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ሁለት ኢንች እንዲጨመቅ 500 ፓውንድ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሞላው ላይ ተጽፏል። አይባክ የሚባለው አምራች ለምሳሌ 1000.250.0250 ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው የሞላው ርዝመት 10 ኢንች፣ ሁለተኛው የውስጡ ስፋት ሁለት ተኩል ኢንች፣ የመጨረሻው ጥንካሬው 250 ፓውንድ ነው። ይህን ማንበብ ከቻላችሁ ከሻጩ በላይ ታውቃላችሁ።

አንድ ሾክ ላይ ሁለት ሞላ ተደራርቦ ካያችሁ ደግሞ ጥንካሬያቸው አይደመርም። እንዲያውም ይለሰልሳል። አንዱ 100፣ ሌላው 200 ቢሆን፣ 100 ፓውንድ ሲጫንባቸው የመጀመሪያው አንድ ኢንች፣ ሁለተኛው ግማሽ ኢንች ይገባል። አንድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ገቡ። ጥምር ጥንካሬያቸው 67 ገደማ ሆነ ማለት ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ ትንንሹን ጉብታ ይውጣል። ከዚያ ለስላሳው ሞላ መቆሚያው ላይ ይደርስና ጠንካራው ብቻውን ይሰራል፣ ትልቁን ዝላይ ይሸከማል።

ስለዚህ ሻጩን ክብደቱን ጠይቁት። ነውር የለውም። «ከነ ትጥቅህ ስንት ኪሎ ነህ? ምን ላይ ነበር የምትነዳው?» በሉት። መቶ ኪሎ የሚመዝን፣ ከትልልቅ ዝላይ የሚወርድ ሰው ያሰራው ሾክ ለስልሳ አምስት ኪሎ ሰው እንጨት ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ዱሞንት ዱንስ አሸዋ ላይ የሚመች ሾክም ድንጋያማ መንገድ ላይ ሌላ ነው። ይህ ግን ከሚስተካከሉት ነገሮች ነው። ሾኩን ስታሳድሱ ክብደታችሁንና የምትነዱበትን ቦታ ለባለሙያው ንገሩት። ውስጡን የፈታው እሱ ስለሆነ ስስ ቀለበቶቹን በዚያው ለናንተ ይቀይራል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ሁለተኛ የገዛኋቸው ሾኮች ያፈሱ ነበር። ዘንጋቸው ግን መስታወት ነው፣ ርዝመታቸውም ሚሊሜትር አይስትም። ሻጩ ራሱ አፍሮበት ዋጋውን ቀነሰልኝ። ባለሙያው ጋ ወስጄ ሲፈታው ቆሜ አየሁ። ከውስጡ የወጣው ዘይት ግራጫ ነበር። ልክ የሲሚንቶ ውሃ ይመስላል፣ ባትሪ ሲበራበት የአሉሚኒየም ብናኝ ያብለጨልጫል። ሽታው የተቃጠለ ነው። እንደዚያ ሆኖም ፒስተኑና ቱቦው ደህና ነበሩ። አጥቦ፣ ፓራዮሊ ቀይሮ፣ አዲስ ዘይት ሞልቶ መለሰልኝ። ዛሬም የምነዳው በሱ ነው።

እባካችሁ ይህንን ሥራ ያለ መሳሪያውና ያለ ልምዱ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። በብዙዎቹ ሾኮች ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ ግፊት አለው፤ የመኪና ጎማ አምስት ስድስት እጥፍ ነው። ጋዙ ሳይለቀቅ ክዳኑን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳበት። ሾክ ላይ መበየድ፣ በእሳት ማሞቅም ክልክል ነው። በጎማ መንፊያ አየር መሙላትም አይሰራም። «አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን አይደል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ግን ከኮምፕረሰር የሚወጣ አየር እርጥበት ይዟል። እርጥበቱ ሲሞቅ ግፊቱን ያለ ልክ ይቀያይረዋል፣ ውስጡንም ያዝጋል። ደረቅ ናይትሮጅን የሚሞላው ለዚህ ነው። ዘይቱም ቀጭን የሾክ ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት አይደለም።

የዋጋው ሂሳብ እንግዲህ እንዲህ ይሰላል። ለምሳሌ ጥንዱ 400 ዶላር ተባለ እንበል። ደህና ቢመስልም ባይመስልም ማሳደሻውን ጨምሩበት፤ ለአንዱ 120 ቢጠየቅ ለሁለቱ 240። ሞላው ለክብደታችሁ ካልሆነ ሌላ 150። ጠቅላላው 790 ሆነ። አዲሱ ጥንድ 1200 ከሆነ ያዋጣል። አዲሱ 900 ከሆነ አያዋጣም፣ ምክንያቱም አዲሱ ከነዋስትናው ለናንተ ክብደት ተሰርቶ ይመጣል። ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው መከራከር አይጠፋውም። እዚህ ግን በስሜት ሳይሆን በዚህ ወረቀት ተከራከሩ። «ማሳደሻው ይህን ያህል ነው፣ ኩሽኔታው ይህን ያህል» ብላችሁ ስትዘረዝሩ ሻጩም ይሰማል።

ኳድም መለዋወጫውም በብዛት ይሰረቃል። የተፋቀ ቁጥር ያለው ሾክ፣ ደረሰኝም ታሪክም የሌለው፣ ዋጋውም ከማመን በላይ የወረደ ከሆነ እለፉት። የሌላ ሰው እንባ ነው።

ገዛችሁ፣ አሳደሳችሁ እንበል። ሞላውን ሳታስገቡ መጀመሪያ ሾኩን ብቻ ግጠሙት። ኳዱን በክሪክ አንሱትና ጎማውን በእጃችሁ ከታች እስከ ላይ አመላልሱት። የሚነካካ ነገር አለ? የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል? ቦል ጆይንቱ ይነክሳል? ሾኩ ትርፍ ዘይትና ጋዝ የሚይዝ ጣሳ ለብቻው ካለው፣ ከጣሳው የሚመጣው ቱቦ ክንዱ ጋ ይታሸታል? ይህ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሞላውን መልሳችሁ፣ ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡበት፤ ሌላ ሰው የፊት መከላከያው ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለካ። ኳዱ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ካለው ከፍታ ጋር ሲነጻጸር፣ ብዙ ጊዜ ከጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። 9.1 ኢንች የሚንቀሳቀስ የራፕተር 700 ፊት ላይ ይህ 3 ኢንች ገደማ ይሆናል። በጣም ከሰመጠ የሞላውን ቀለበት አጥብቁ። ቀለበቱ ካለቀና አሁንም ከሰመጠ ሞላው ለናንተ ለስላሳ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ በፕላስተር ላይ የታደሰበትን ቀን፣ የጋዙን ግፊትና የየቁልፉን ጠቅታ ቁጥር ጽፌ ከመቀመጫው ስር ለጥፌዋለሁ። የሚቀጥለው ገዢ ሲጠይቀኝ ገልብጬ አሳየዋለሁ።